የወሎን ፍቅር ስናወራ የምንዘለው ገጽ

ባለፈው ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። ውይይቱ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕና ስለ አካባቢ ታሪክ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወንበር ያጡ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ወሎ የሚለው ቃል ከተናጋሪ አፍ በወጣ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የዚያን ቀን ደግሞ ደጋግሞ ወጣ። ሙስሊሙ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ፣ ክርስቲያኑ ለመስጊድ ድንጋይ ሲያቀብል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት ሲኖር፣ አብሮ ሲበላ፣ አብሮ ሲለቀስ። ሁሉም እውነት ነው። ያደግኩት እዚያው ውስጥ ስለሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

ጥያቄና መልስ ላይ ከኋላ አንዲት ተማሪ ማይኩን ተቀበለች። «ስለ ቦሩ ሜዳ ለምን ምንም አልተባለም?» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «እሱ ራሱን የቻለ መድረክ ይፈልጋል፤ ዛሬ ቁስል ባንነካካ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ጠያቂ አለፈ። ልጅቷ ማይኩን መልሳ ተቀመጠች። ጎኗ ያለችው ጓደኛዋ ክንዷን ስትነካት አየሁ። «አብሽሪ» ያለቻት መሰለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ጽሑፍ በሆዴ ይዤው ነው የከረምኩት። ምክንያቱም ያቺ ልጅ የጠየቀችው እኔ ተማሪ እያለሁ ልጠይቅ ፈልጌ ያልደፈርኩትን ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኝ ቦታ ነው። ዛሬ ደሴ ላይ ቦሩ ሜዳ ስትሉ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። የሥጋ ደዌ የያዛቸው፣ ከቤትና ከመንደር የተገፉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የታከሙበት ቦታ ስለሆነ ስሙ በበጎ ይነሣል። ታሪክ ክፍል ውስጥ ግን ቦሩ ሜዳ ሲባል ሌላ ነገር ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ትልቅ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው የተጠራው ቤተ ክርስቲያኗን ለረጅም ዘመን ሲከፋፍላት የኖረውን የልደት ክርክር፣ ክርስቶስ ስንት ልደት አለው የሚለውን፣ ለመጨረስ ነው። ሦስት ልደት የሚሉት ተረቱ፤ ተዋሕዶ ጸና። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ የሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር።

አልቆመም። ከሊቃውንቱ ክርክር ቀጥሎ ውሳኔው ወደ ሙስሊሙ ሕዝብ ዞረ። ሹመት ያላቸው ወዲያው ተጠመቁ ወይም ሹመታችሁን ልቀቁ ተባሉ። ለሌላው ሙስሊም 3 ዓመት ተሰጠው። ከወሎ ገዢዎች ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ባላገሩስ? ባላገሩ እንደ አቅሙ ሆነ። የተጠመቀ አለ። አገር ጥሎ የተሰደደ አለ። ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን ተከትሎ መሣሪያ ያነሣ አለ። ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ ሰዎች ሲሉት አንዳንዴ ፈገግ ይላሉ። እኔን ፈገግ አያሰኘኝም።

ለዐፄ ዮሐንስም ፍትሕ ያስፈልጋቸዋልና አንድ ነገር ልበል። ጉባኤው የተደረገው ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ማግሥት ነው፤ ሁለቱም በ1868 ዓ.ም ናቸው። ንጉሡ አገራቸው በሁሉም አቅጣጫ ስትከበብ ይታያቸው ነበር። አንድ ሃይማኖት ካልሆንን አንድ አገር አንሆንም ብለው አሰቡ። ሥጋታቸው ይገባኛል። በኋላም በ1881 ዓ.ም መተማ ላይ ለዚችው አገር ነው የሞቱት። ይህ ሁሉ ግን የአንድን ገበሬ ስም በግድ መለወጥን ትክክል አያደርገውም። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ የታሪክ ትምህርት የሚባለው ግን ለእኔ ይኼው ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። አያቴ ክርስቲያን ናት። ጾም አታጎድልም፣ ቁርባን ተቀብላለች፣ ለማርያም ዝክር ታወጣለች። ለዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ርእስ ስፈልግ እረፍት ላይ ሄጄ ስለ ድሮ ሰዎች እጠይቃት ጀመር። ቡና እየቆላች ነበር። «እማማ፣ የአባትሽ አባት ስማቸው ማን ነበር?» አልኳት። የክርስትና ስማቸውን ነገረችኝ፤ ጻፍኩት። ከዚያ ምጣዱን እያወዛወዘች ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘም ሲልብኝ ቀና ብዬ አየኋት። «እሱ የቀኑ ነው» አለች። «የማታውስ?» አልኩ። የማታውን ስም በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ያ ነገር ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቡናው ማረር ሲጀምር ነው ሁለታችንም የነቃነው።

ሁለቱን ስሞች እዚህ አልጽፋቸውም፤ የቤተሰብ ናቸው። ግን ያ ሹክሹክታ ከጆሮዬ አልወጣም። ወሎ የፍቅር አገር ነው ብሎ የሚጨርስ ንግግር በሰማሁ ቁጥር የአያቴ ድምፅ ለምን ዝቅ እንዳለ ማንም እንዳላስረዳ ይሰማኛል።

የሚገርመኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? እኒያ በ1870 ዓ.ም ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት ሰው ኋላ ራስ፣ ከዚያም በ1906 ዓ.ም ንጉሥ ሆኑ። ደሴ ላይ አንድ የግብር አዳራሽ አሠሩ። ዛሬም አለ። ስሙ አይጠየፍ ይባላል። እስላም ክርስቲያን፣ ሀብታም ድሃ ሳይለይ ሰው ሁሉ የሚበላበት ስለሆነ ነው ስሙ እንዲህ የወጣለት። እስቲ ቃሉን አስቡት። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። አንድ ገበታ ላይ መቅረብ ቀላል ነገር አልነበረም። የሃይማኖት ስም የተለወጠበት ሰው፣ ኋላ ሥልጣን በእጁ ሲገባ፣ ትልቁን ቤቱን አይጠየፍ አለው። ሰነድ ስለሌለኝ ንጉሥ ሚካኤል በልባቸው ምን እንዳሰቡ አልናገርም። ነገር ግን ደሴ በሄድኩ ቁጥር እዚያ አዳራሽ ፊት ቆም እላለሁ። ቦሩ ሜዳን የማያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ጥሩ ስም ነው ብሎ ያልፋል። የሚያውቅ ሰው ግን እግሩ ይያዛል።

የእሳቸው መጨረሻም ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሙስሊሙ ጋር መቀራረቡ እንደ ወንጀል ተቆጠረ፤ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከሥልጣን የወረደው ሰልሟል በሚል ክስ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ብለው ዘመቱ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

ተማሪ እያለሁ ይህን ሁሉ በቅጡ ያስተማረኝ የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ መጽሐፍ ነው። ሑሴን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ ታተመ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ የወሎ ሰው አላነበበውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከእሳቸው በፊት ስለ ወሎ የሚጻፈው በአመዛኙ ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከአውሮፓ መንገደኞች ማስታወሻ ነበር። በዚያ ዓይን ወሎ ማለት የሚዘመትበት አገር ነው። ሑሴን ግን ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ በሚባሉ የወሎ ቦታዎች የሚገኙትን የእስልምና ማዕከላት የታሪክ ምንጭ አድርገው ያዟቸው። የሸኾቹን የሕይወት ታሪክ፣ በዓረብኛ የተጻፉ ወረቀቶችን፣ በአማርኛ ተደርሰው በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ መንዙማዎችን፣ የሽማግሌዎችን ትዝታ ሰበሰቡ። በአማርኛ ተደርሶ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ! መንዙማ በሕፃንነቴ ከጎረቤት ሲሰማ እንቅልፍ የሚወስደኝ ዜማ ነበር። እሱ ማስረጃ፣ ያውም የታሪክ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ወሎ ውስጥ ሲዘመትበት የኖረው ሰው ለካ በገዛ ቋንቋው ይጽፍ ነበር።

እስኪ አንድ ተጨማሪ ሰው ላንሣ፤ ከወሎ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ግን ለእኔ ድፍረት የሰጠኝ እሱ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ግእዝን እንደ ውሃ የጠጡ ሰው ነበሩ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። አሜሪካ ተሰደዱ። ሚኒሶታ ውስጥ በቤነዲክቲን መነኮሳት የተመሠረተ ሴንት ጆንስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እዚያ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል። የእኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው፣ ፊልሙ እዚያ አለ። ጌታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ብራናዎች አንድ በአንድ እያነበቡ ለዐሥርት ዓመታት መዘገቧቸው። በ2013 ዓ.ም ነው ያረፉት።

እሳቸው ካወጧቸው መጻሕፍት አንዱ የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ የያዘው ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ መነኮሳት ናቸው። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አሠሯቸው፣ አስገረፏቸው፣ አካላቸውን አስቆረጡ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት መናፍቃን ስትላቸው ኖራለች። ገድላቸው ግን ጉንዳ ጉንዴን በመሰሉ ገዳማት ተደብቆ ቆየ። ጌታቸው ወደ አማርኛ መለሱት፤ በመጽሐፉ ርእስ ላይም «በሕግ አምላክ» የሚለውን ቃል አኖሩበት። በሕግ አምላክ! ድሮ መንገድ ላይ የተበደለ ሰው ይህን ካለ በዳዩ ባለበት ይቆም ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ቤተ ክርስቲያኑን ከልቡ የሚወድ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቁስል በገዛ እጁ ገልጦ አሳየ። ማንም ጠላት ነው ሊላቸው አልቻለም። ካወጡት በኋላም ቤተ ክርስቲያን አልፈረሰችም። እምነታቸውም አልጎደለም። ይህን ሳነብ ነው የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ይዤ ወደ አማካሪዬ ቢሮ የገባሁት።

ፍትሕ ስንል የሃይማኖት ነጻነት ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የወሎ ታሪክ ከባድ ነው።

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም ረሃብ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ጨረሰ። አያቴ ያኔ ልጆች ነበሯት። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት ዝናብ ጠፋ ብላ ነበር የምትጀምረው፤ ከዚያ ግን ሁሌ አንድ ነገር ትጨምራለች፦ «እህልስ ደሴ ገበያ ነበር። መግዣው ነው የጠፋው።» እህል የጫኑ መኪኖች ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ አይቻለሁ ትላለች። ልጅ ሆኜ አሮጊት ተምታቶባት ነው እል ነበር። ረሃብ ማለት እህል ማጣት አይደል እንዴ?

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ ያሳተመውን ጥናት አነበብኩ። ወሎ ላይ አንድ ምዕራፍ አለው። ረሃቡ በከፋበት ጊዜ በአገር ደረጃ የምግብ ምርቱ ያን ያህል አልወረደም ይላል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋም ያን ያህል አልናረም። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋበት የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ከብቱ አልቋል፤ ስለዚህ ገበያ ላይ ያለውን እህል መግዛት አልቻለም። ገዢ ስለታጣም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ወጣ። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አያቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ሴን በሰንጠረዥ ያሳየውን እሷ ከጓሮዋ ሆና አይታዋለች።

የእኛው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ገበሬው ለረሃብ የሚጋለጠው ለምን እንደሆነ ዓመታት ፈጅተው አጥንተዋል። ዝናብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ገበሬው ቀድሞውንም በላዩ ላይ የተጫነው ሸክም እንደነበረ አሳይተዋል። ጭሰኛው ማሳው ባዶ ሆኖም የባለመሬቱን ድርሻ ይጠየቃል። አፋሩ በአዋሽ ዳር የነበረው የግጦሽ መሬቱ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበታል። ባለመሬት ሲባል ቤተ ክርስቲያንም ነበረችበት፤ ይህንንም ማለት ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ ከመካከላቸው የቄስ ልጆች፣ ዳዊት የደገሙ፣ ቁርኣን የቀሩ ልጆች ነበሩ። ረሃቡን መንግሥት ሲደብቀው ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶ አንሥተው ግቢ ውስጥ ያሳዩትም የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም፣ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በሠራው ፊልም ነው። ያው ፊልም በዘመን መለወጫ ማታ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ።

በዚያው በ1966 ዓ.ም ሌላም ነገር ሆኗል፤ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፍትሕ በሚዘጋጅ መድረክ ሁሉ ቢነሣ ደስ ይለኛል። ሚያዝያ 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሰልፍ ወጣ። የሙስሊሞች የእኩልነት ሰልፍ ነው። ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። ጥያቄው ብዙ ነበር፤ በዓላቱ በአገር ደረጃ ይከበሩ፣ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ በሥራና በመሬት እኩል እንታይ። እኔን ሁሌ የሚነካኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚባለው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበር። ሰልፈኛው «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» በሉን አለ። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፤ መኖር የሚለው ግስ። ቤትህ ውስጥ ተወልደህ፣ አባትህም አያትህም እዚያው ተቀብረው፣ «የሚኖር» መባልን አስቡት። ተከራይ ነው እንጂ የሚኖር የሚባለው! በ1967 ዓ.ም የሙስሊም በዓላት የአገር በዓል ሆነው ታወጁ። ያ ሁሉ የተገኘው በእግር ተሂዶ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካነሣን የወሎ ፍቅር ውሸት ነው ማለት ነው? በፍጹም። እኔ ለዚህ ነው ያ መድረክ መሪ ቁስል አንነካካ ሲል ያዘንኩት። ቁስሉን ከደበቅነው ፍቅሩም እንደ አየር ጠባይ፣ ከላይ የወረደ ነገር ይመስላል። የወሎ ሰው ሲፈጥረው ደግ ነው ይባልና ይታለፋል። ሰው እኮ ሠርቶታል! ከቦሩ ሜዳ በኋላ፣ ከሰገሌ በኋላ፣ ከረሃቡ በኋላ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ቁጭ ብሎ ዘዴ አበጀለት።

ዘዴውን ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። አያቴ ቤት ከጓዳው መደርደሪያ ላይ ለብቻው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ አለ። ለብቻቸው የተቀመጡ ሁለት ድስቶችም አሉ። የድግስ ቀን ከጎረቤት ሸኽዬ ይጠራሉ፤ ያችን ቢላዋ ተቀብለው በጉን ባርከው ያርዱላታል። የሙስሊም እንግዶቿ ሥጋ በነዚያ ድስቶች ይሠራል፤ ወጡን የምትሠራውም ሙስሊም ጎረቤቷ ናት። ያችን ቢላዋ አንድ ቀን ሽንኩርት ልከትፍባት አንሥቼ ነበር። አያቴ ከእጄ ቀማችኝ፤ አልተቆጣችም፣ ግን ፊቷ ጠቆረ። «የሰው አደራ ናት» አለች። ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካት ለአንድ ቀን እንግዳ ትጠበቃለች። ለእኔ የሃይማኖት መከባበር የሚባለው ነገር መልክ አለው፤ መልኩም ያች በጨርቅ የተጠቀለለች ቢላዋ ናት። አያቴ ሃይማኖቷን ለማንም ብላ አላላላችም። ሸኽዬም እንደዚያው። ስለማይለቁ ነው ዘዴ ያስፈለጋቸው።

ቅሬውም እንዲሁ ነው። ሌላ አገር እድር የሚባለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። ሰው ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ይሂድ የሙስሊም መቃብር ቅሬው አይለይም፤ ሁሉም ወጥቶ ይቆፍራል፣ ሁሉም ይሸኛል። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲኖሩም አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ገብተው ያስታርቃሉ። ማስታረቅ ደግሞ እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ? በደሉ በአደባባይ ይነገራል። በዳይ ቁጭ ብሎ፣ የተበደለው ወገን ምን እንደሆነበት፣ ማን እንደሞተበት ሁሉም ባለበት ይሰማል። አልፈናል፣ አንነካካ ብሎ እርቅ የለም። የወሎ ሽማግሌዎች ለአንድ ነፍስ ይህን ያደርጋሉ። እኛ የተማርነው ለአንድ ሙሉ ዘመን እንዴት ያቅተናል?

ያቺን ተማሪ መድረኩ ሲያልቅ ፈልጌ አገኘኋት። በር ላይ ቆማ ነበር። የወሎ ልጅ ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ከሐይቅ ነኝ አለች። እኔም ስለ አያቴ ምጣድና ስለ ማታው ስም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እኛም ቤት አለ» አለች። «አባቴ ግን አትናገሪ ይላል።» ረጅም ሰዓት ቆመን አወራን። ስንለያይ ስልክ ተለዋወጥን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደውላ ግቢያቸው ውስጥ ያለው የታሪክ ክበብ እንድናገር ይፈልጋል አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ በፊት ግን አያቴ ጋ ሄጄ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ስሞቹ የእሷ ናቸው። «እማማ፣ የማታውን ስም ሰው ፊት ብናገረው ቅር ይልሻል?» አልኳት። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ነበር። ብዙ አሰበች። የለቀመችውን ወደ ሰፌዱ አንድ ጥግ ሰበሰበችና «ከተናገርሽ ሁለቱንም ተናገሪ፤ አንዱን ብቻ እንዳትይ» አለች። ከዚያ የአያቷን የማታ ስም ራሷ ጠራችው፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

ንግግሩ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን አሉ፤ ሌላ ምንም አልጻፍኩበትም።